ከሶኬቱ በፊት

የእትዬ ሶሊያናን ሶኬቶች የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የመጣው ሁሉ ከዚያ ስለጀመረ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ ጥፋቴን የመናገር ልማድም አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጣቢያ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ የሠራ ሰው እንዲህ ይሆናል። ባቡሩ ሁለት ደቂቃ ከዘገየ ለምን እንደዘገየ ጽፈን እንፈርም ነበር።

ነገሩ በ2084 ዓ.ም. ነው። አዋቂ ሶኬት ያልተገጠመለት የግድግዳ ቀዳዳ ከኅዳር አንድ ጀምሮ ኤሌክትሪክ እንደማያገኝ ተነገረ። ለእያንዳንዱ ሰው የቀን ድርሻ ተመድቧል፤ ድርሻውን የሚጠብቀው ሶኬቱ ነው። የእኛ ሕንፃ ሰው እንደተለመደው እስከ መጨረሻው ሳምንት ከጠበቀ በኋላ ሁሉም ባንድ ቀን ሱቅ ላይ ተሰለፈ። እኔና እትዬ ሶሊያና አብረን ተሰለፍን።

እትዬ ሶሊያና በረንዳ ተጋርተን በር ለበር ሠላሳ ዓመት የኖርን ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነበር። በእኛ ጊዜ አሮጊት ሁሉ ሶሊያና፣ ሄመን፣ ሜሎን ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ደብሪቱና ዘርፌ ይባላሉ፤ ስምም እንደ ቀሚስ ፋሽኑ ይመለሳል።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሶኬት ነበር። አንደኛው ይቆጥራል፣ አንተው ታነበዋለህ። ሁለተኛው ይቆጥርና ከድርሻህ ስታልፍ ይቆርጥብሃል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይሠራና ለመረጥከው ዘመድ ይናገራል። ማንቆርቆሪያው በስንት ሰዓት እንደተጣደ፣ ምድጃው ስንት ደቂቃ እንደነደደ፣ ፍሪጁ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ዘመድህ ባለበት ሆኖ ያየዋል። ከፈለገም ከሩቅ ያበራል፣ ያጠፋል። ሰዉ ይህንን ሦስተኛውን ነጋሪው ይለዋል።

ለራሴ የሚቆጥረውን ብቻ ወሰድኩ። ለእሳቸው ነጋሪውን መረጥኩላቸው።

"ሶኬትም ሐሜተኛ ሆኖ አረፈው?" አሉ እያገላበጡ።

የምንነጋገረው በእጅና በከንፈር ነው። ጆሯቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍም ጉንዳን ነው የሚመስላቸው። አንድ ልጃቸው ደብሪቱ ድሬዳዋ ነው የምትኖረው፤ ስልክ ብትደውል እናቷ አይሰሙ፣ ብትጽፍ አያነቡ። ስለዚህ እጄን ወደ ምሥራቅ ጠቁሜ "ለደብሪቱ" አልኳቸው። ወዲያው ኪሳቸው ከተቱት።

ሁለቱ መነጋገሪያ አገኙ። በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደብሪቱ ድሬዳዋ ተቀምጣ የእናቷን የራስጌ መብራት ታበራለች። እናትየው ሁለት ጊዜ አጥፍተው ያበሩታል። ከዚያ ደብሪቱ ታጠፋዋለች። ሌላ ነገር የለውም። እትዬ ሶሊያና ግን ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ፀጉራቸውን አበጥረው ይጠብቁ ነበር።

ነጋሪው ሌላም ሥራ አለው፤ ሱቅ ውስጥ ስንመርጥ ይህንን ማንም አላነበበልንም። ማንቆርቆሪያው ከለመደው ጊዜ አራት ሰዓት ካለፈ ለዘመድ "ዝምታ" የሚል ቃል ይልካል። ሰው ሞቶ ድርሻው ሲዘጋ ደግሞ በዚያው ሰከንድ እንዲህ ይላል፦ "የቤተሰብዎ አባል ጭነት ተዘግቷል።" ከዚህ የበለጠ አይልም። የሦስተኛ ፎቁ ዮናታን የወንድሙን ሞት ያነበበው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ነው። ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። መርዶ የሰው ሥራ ነበር። የሚናገር ሰው ተመርጦ፣ በማለዳ ተሂዶ፣ ባለሐዘኑ ተቀምጦ፣ ደጋፊ ከጎኑ ሆኖ ነበር የሚነገረው። ሶኬቱ ይህንን ሥራ ሲወስድ ማንንም አላስፈቀደም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከእትዬ ሶሊያና በር በላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት አልበራችም። ያቺ መብራት የምትበራው ማንቆርቆሪያቸው ሲጣድ ነው፤ በአንድ ሰዓት ከአሥር፣ ቢበዛ ከአሥራ ሁለት። እስከ ሃያ አምስት ጠበቅኩ። ከዚያ ለእኔ የሰጡኝን ቁልፍ ይዤ ገባሁ።

በጎናቸው ተኝተዋል፣ እጃቸው ጉንጫቸው ሥር ነው። ቀዝቅዘዋል። ዓይናቸውን ከደንኩ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ጥቂት አለቀስኩ። ቀጥሎ ያደረግሁትንም አልደብቅም። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ማንቆርቆሪያውን አበራሁ።

ምክንያቱን ልናገር። ደብሪቱ ድሬዳዋ ሆስፒታል ተኝታለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጽንስ ወጥቶባታል፤ ይህ ሦስተኛው ነው፣ ስምንት ወር አልፎታል። ደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ሐኪሞቹ ከአልጋ እንዳትነሳ ከልክለዋታል። ሰኞ ጠዋት በቀዶ ጥገና ሊያዋልዷት ቀን ቆርጠዋል። እስከዚያ አንድ ድንጋጤ ብትደነግጥ እናትም ልጅም ሊሄዱ እንደሚችሉ ለባሏ ለተሰማ በግልጽ ነግረውታል። ደብሪቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የላትም፤ ስልኳን ይዛ የእናቷን ቤት ነው የምታየው።

ተሰማ ጋ ደወልኩ። ከክፍሏ ወጥቶ ነው ያነሳው። ነገርኩት።

"እትዬ ሂክማ፣ እባክዎ፣ እስከ ሰኞ" አለ።

"እስከ ሰኞ ምን?"

"እስከ ሰኞ ይኑሩ።"

የእድራችን ዳኛ ጋሼ ናትናኤል ናቸው፤ ሰባ ያለፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን የመጋዘን በር የሚያህል ጴንጤ ሽማግሌ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አስረዳሁ። የሟች ድርሻ ላይ መጠቀም እንደሚያሳስር እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

"ብንታሰርም አብረን ነው። ታዲያ እድር ለምን ተባልን?" አሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ድንኳን አልተተከለም፤ ለድንኳን መስመር ከተጠየቀ የሞት ወረቀት ይጠየቃል። ቤታቸው ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠ የለም፤ ሦስት ሰው ገብቶ ሻይ ቢያፈላ ሶኬቱ ያውቃል። ሴቶቹ በረንዳ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነው ያለቀሱት። ሠላሳ ዓመት ለሁሉም ልቅሶ ቀድመው የሚደርሱ ሴትዮ እንዲህ በሹክሹክታ ተሸኙ። ከሴቶቹ ጋር ቀና ብዬ መተያየት አቃተኝ፤ የእትዬ ሶሊያና ቤት ከደጃፌ ፊት ለፊት ነው፣ ቁልፉም እኔ እጅ ላይ ነው።

የቀብሩ መዝገብ የኤሌክትሪክ ድርሻን ወደሚቆጣጠረው የጭነት ጽሕፈት ቤት የሚተላለፈው በወር አንድ ጊዜ ነው። ቀጣዩ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ልክ በዚያች ሰዓት ሶኬቱ ለደብሪቱ ይነግራታል፤ ማንም አያስቆመውም። ሐሳባችን ቀላል ነው። ሰኞ ትወልዳለች፣ ረቡዕ ከሆስፒታል ትወጣለች፣ ሐሙስ ማለዳ ከሁለት ሰዓት በፊት ደርሰን በሰው አፍ እንነግራታለን። እስከዚያ እትዬ ሶሊያና ይኖራሉ፤ የሚያኖራቸው የእኔ እጅ ነው።

የሥራ ሰሌዳ ጻፍኩ። ማንቆርቆሪያ አንድ ከአሥር። ምድጃ አንድ ከሠላሳ፣ ለዘጠኝ ደቂቃ። ቴሌቪዥን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፤ ድምፁ እንደጠፋ። ፍሪጅ በቀን አምስት ጊዜ መክፈት። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መብራት። የሟች ቤት ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የማልበላውን እንቁላል ጠበስኩ፤ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ተመለከትኩ። የተጣዱትን ውሃዎች ደፋሁ። አንዳንዴ ፍሪጁን ከፍቼ ምን ልወስድ እንደመጣሁ ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ ከዚያ የመጣሁት ለመክፈት ብቻ መሆኑ ትዝ ይለኛል።

የመጀመሪያው ምሽት ከባድ ነበር። አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ መብራቱን ሳይ ሰዓቱ ደረሰና በራ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ትንሽ ቆይቶ ድሬዳዋ ያለች እጅ አጠፋችው። ጨለማው ውስጥ "ይቅር በይኝ ልጄ" አልኩ። የሚሰማ አልነበረም።

ረቡዕ ጾም ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የጎረቤቴን ጾም ግን ከራሴ ለይቼ አላየውም። እትዬ ሶሊያና ረቡዕና ዐርብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ አፋቸው እንደማይገባ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አልነካሁትም። ሶኬቱም ቅር አላለውም፤ ያለፉትን ወራት ረቡዕ ያውቃቸዋል። "ዝምታ" ብሎ አልላከም። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ከእኔ የተሻለ ሰው እንደሌለ ለጋሼ ናትናኤል ሁሉ ነገርኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ማንቆርቆሪያውን ሳበራ በሶኬቱ ፊት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። "እጅ ተለውጧል።" ይህ ለዘመድ ሳይሆን ለጭነት ጽሕፈት ቤቱ የሚላክ ቃል ነው። እትዬ ሶሊያና ውሃው ከፈላ በኋላ መፍላቱን ስለማይሰሙ እንፋሎቱን እስኪያዩ ይተዉታል፤ እኔ ገና ሲንተከተክ አነሳለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አንስቻለሁ። ሰዓቱን ስጠብቅ እጁን ረሳሁት።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የጭነት ጽሕፈት ቤት ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች ልጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስሟ ዘርፌ እንደሆነ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

"ጤና ይስጥልኝ እናት። የወይዘሮ ሶሊያና ቤት ነው? እርስዎ ነዎት?"

"ጎረቤት ነኝ።"

"እሳቸውስ?"

"ተኝተዋል" አልኩ። ምላሴ ከዚያ የተሻለ ውሸት ማምጣት አልቻለም።

ዓይኗ ቤቱን ዞረ። አልጋው ተነጥፏል፣ ነጠላው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ሳይኖረው ይሄዳል። ምድጃው ላይ ማንም ያልነካው እንቁላል አለ። ከአልጋው ሥር የእትዬ ሶሊያና ነጠላ ጫማ ተጣምሮ ተቀምጧል። የዘርፌ ዓይን ጫማው ላይ ቆየ።

"ልጅ አላቸው?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አንድ። ሆስፒታል ናት፤ ሰኞ ትወልዳለች።"

"ሰምታለች?"

እኔም ዓይኔን ጫማው ላይ አሳረፍኩ። ልጅቷ መመዝገቢያዋን አወጣች። አሁን ደብሪቱን ገደልኳት ብዬ አሰብኩ፤ በማንቆርቆሪያ ገደልኳት።

"እናት፣ እኔ የማጣራው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው" አለች። ጮክ ብላ አነበበችው። "በቤቱ ውስጥ ሰው አለ?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"አለ" አልኩ።

"አለ" ብላ ጻፈች። ጃኬቷን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደችና ዞር አለች። "ውሃው ከፈላ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይተዉት። የእኔም አያት እንደዚያ ነበሩ። የሚመጣው ሐሙስ ሁለት ሰዓት ግን በእኔ እጅ አይደለም፤ ራሱ ነው የሚልከው።"

ስትሄድ በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ከዚያ አልተነሳሁም፤ ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ነው የተነሳሁት።

ዐርብ እንደ ረቡዑ አደረግሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸጥታ፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ደቂቃ ጨምሬ። ሶኬቱ ጸጥ አለ። ጽሑፉም ጠፋ። ምሽት አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ግን መብራቱ አልበራም።

ሠላሳ አምስት ሆነ። አርባ ሆነ። ተሰማ ጋ ደወልኩ፣ አላነሳም። አንድ ሰዓት ሆነ። ባቡር ሠላሳ ደቂቃ ሲዘገይ መንገደኛው ይሳደባል፤ እኛ ግን ሐዲዱ ላይ ምን እንደተፈጠረ ነበር የምናስበው። ደም ግፊቷን አሰብኩ። አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ መብራቱ በራ።

ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ደብሪቱ እንደ ወትሮው አጠፋችው። ከዚያ እንደገና አበራችው፤ ይህንን አድርጋ አታውቅም። ለረጅም ጊዜ ሳታጠፋው ቆየች። እጄን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ጠፋ። እናቷ ናፍቀዋት ይሆናል ብዬ ደመደምኩ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ሶሊያና ለእሑድ ቅዳሴ ነጠላቸውን ይተኩሳሉ። ሰሌዳዬ ላይ አለ፤ ካውያ፣ አሥራ አራት ደቂቃ። ነጠላውን ከሚስማሩ አውርጄ ተኮስኩት። ሲሞቅ የእሳቸው ሽታ ወጣ። ያኔ ነው በደንብ ያለቀስኩት፤ ቢሆንም በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ካውያውን ነቀልኩ።

ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተሰማ ደወለ። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጋሼ ናትናኤል እንደዚያ ባለ ድምፃቸው ጸሎት ሲያደርሱ የላይኛው ፎቅ ሰው ሁሉ ወረደ። የዚያኑ ዕለት ምሽት፣ ቁስሏ ገና ትኩስ ሆኖ፣ ደብሪቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መብራቱን አበራች። ሰከንድ አላሳለፈችም።

ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ንጋት እኔና ጋሼ ናትናኤል የድሬዳዋውን ፈጣን ባቡር ይዘን ወጣን። አንድ ሰዓት ከሩብ ይገባል ተብሏል። አዋሽን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ቀስ አለና ሜዳ ላይ ቆመ።

"ባቡራችን የጠዋት ድርሻውን ጨርሷል። ተጨማሪ ጭነት እስኪለቀቅልን በትዕግሥት ይጠብቁ" አለ ድምፅ ማጉያው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለምን ዘገየ እያልኩ ስጽፍ ኖሬ፣ ያን ቀን ምክንያቱን መስማት አልፈለግሁም። መንቀሳቀሱን ብቻ ነበር የፈለግሁት። አምስት ደቂቃ። አሥራ ሁለት። ጋሼ ናትናኤል ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ተቆጣጣሪው ልጅ በአጠገባችን ሲያልፍ እጁን ያዝኩት።

"የሠራተኛ ፉርጎውን ማቀዝቀዣ አጥፉት። ያ ብቻ ሃያ ኪሎ ሜትር ይወስደናል" አልኩት።

"እርስዎ በምን ያውቃሉ?"

"አንተ ሳትወለድ በዚህ ሐዲድ ላይ ስሠራ ነበር። አጥፉት፣ ሰው ልናረዳ ነው።"

አየኝ፤ ሌላ አልጠየቀም። ባቡሩ በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ ተነሳ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ድሬዳዋ ገባን። ተሰማ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቀን ነበር፤ ፊቱ በአሥር ቀን አሥር ዓመት ጨምሯል። ደብሪቱ ቤት ስንደርስ ሰዓቴ አንድ ከሃምሳ ይላል።

አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕፃኗ አጠገቧ ተኝታለች። ስልኩ ትራሱ ላይ፣ ከጆሮዋ አጠገብ ነው። እኛን ስታይ አልደነገጠችም። ጋሼ ናትናኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ ሁላችንም መንገደኞች ስለመሆናችን።

"ጋሼ ናትናኤል፣ አይልፉ" አለች ደብሪቱ። "ከዐርብ ጀምሮ አውቃለሁ። ረቡዕ ተጠራጠርኩ፣ ዐርብ አወቅሁ።"

ተሰማ በሩን ተደገፈ።

"ከምን አወቅሽ?" አልኩ። ከሁሉ በፊት ይህንን መጠየቄ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ግን የተሳሳትኩበትን ሰዓት ማወቅ ነበረብኝ።

"እትዬ ሂክማ፣ አሁን እኮ ሃምሳው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዐርብ አይጾምም። እማዬ ሁዳዴን ሙሉ ጾማ፣ በሃምሳው ጠዋት ሻይዋን በወተት የምትጠጣበትን ቀን እንደ ልጅ ነው የምትቆጥረው።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ዓመት በር ለበር ኖሬ ማንቆርቆሪያቸውን በደቂቃ አውቃለሁ፤ ጾሙ በዓመት ለሃምሳ ቀን እንደሚያርፍ ግን አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ጡረታ እስክወጣ በእነዚያ ወራት ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የፋሲካው ሳምንት ረቡዕ መብራቷ በጠዋት ስትበራም በዓል ስለሆነ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሶኬቱም አላወቀም። ያወቀችው ልጃቸው ናት።

"ታዲያ መብራቱን ለምን ታበሪ ነበር?" አልኳት። "ሰኞ እንኳ፣ ከቀዶ ጥገና ተነስተሽ?"

"ካቆምኩ ሶኬቱ ከእኔም በኩል 'ዝምታ' ብሎ ለጭነት ጽሕፈት ቤቱ ይነግራል። ቤቱን ይፈትሹታል፣ አንቺን ይወስዱሻል፤ ያን ጊዜ የእማዬን ሞት የሚነግረኝ እሱ ይሆናል።" ስልኩን በዓይኗ አሳየችኝ። "ደግሞ መልስ ነበረው። ሁለት ጊዜ ይጠፋል፣ ሁለት ጊዜ ይበራል። አንቺ መሆንሽን አውቄያለሁ፤ ግን ሰው ነበረ። ዐርብ ዕለት መልሼ ሳበራው ዝም ብለሽ እዚያው እንደተቀመጥሽ ተሰማኝ። አብረን የተቀመጥን መሰለኝ።"

ሕፃኗ ተንቀሳቀሰችና መልሳ ተኛች።

"እስካሁን አላለቀስኩም" አለች ደብሪቱ። "ለልጄ ብዬ ያዝኩት። ለሐኪሞቹም፣ ለተሰማም አልተናገርኩም። ሰው መጥቶ እስኪነግረኝ ነው የጠበቅኩት። እባክሽ እትዬ ሂክማ፣ እንዳላወቅሁ አድርጊና ንገሪኝ።"

ጋሼ ናትናኤል አልጋው አጠገብ ቀርበው ትከሻዋን ደገፉ። ተሰማ ሕፃኗን አነሳ። እኔ እጇን ያዝኩ።

"ልጄ ደብሪቱ" አልኳት፣ "እናትሽ አርፈዋል። ማክሰኞ ጠዋት ነው። አልታመሙም፣ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። በጎናቸው ተኝተው እጃቸው ጉንጫቸው ሥር ነበር። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ፀጉራቸውን አበጥረው መብራትሽን ጠብቀዋል፤ የመለሱልሽም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።"

አለቀሰች። ከዐርብ ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ሁሉ ለቀቀችው፤ እኛም የበረንዳውን ሹክሹክታ ትተን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አለቀስን። ጎረቤቶቿ ሰምተው መምጣት ጀመሩ።

ትራሱ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ሁለት ሰዓት ሞላ ማለት ነው፤ ሰዓቴን ግን አላየሁም። ተሰማ ሕፃኗን በአንድ እጁ እንደያዘ ስልኩን አነሳና ሳያነበው ኪሱ ከተተው። ደብሪቱ ቀና ብላም አላየችው።